ካፖርቱን ያልለበሰው ገዢ

ጡረታ በወጣሁ በማግስቱ ገና ሱሪዬን እንዳጠለቅሁ ቀኝ ኪሴን መዳበስ ጀመርኩ። የምፈልገው ቁልፍ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ከኪሴ ያልተለየው የጠብመንጃ መደርደሪያው ቁልፍ ግን ትናንት የምሠራበት ሱቅ አዲስ ጌታ እጅ ገብቷል። ሚስቴ ዘሀራ አየችኝና «ካላስቻለህ ፍሪጁን እየቆለፍክ ክፈት» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም የሌለ ቁልፍ ከመፈለግ ይሻላል ብዬ ይህን መጻፍ ያዝኩ።

የአዳኝ ጀብዱ የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሁለት አገር፣ አርባ ዓመት ለሚሞላ ጊዜ፣ ጠብመንጃ ከእጄ ሳይለይ ኖሬ አንድ ጥንቸል እንኳ አልገደልኩም። እኔ ጠጋኝና ሻጭ ነበርኩ። የሻጭ ታሪክ ለማን ምን እንደሸጠ ነው፤ ለማን ምን መከልከል እንደነበረበትም ጭምር። መከልከል ሲገባኝ የሸጥኩለት አንድ ሰው አለ። ሰይድ ይባላል፤ ወዳጄ ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቄዋለሁ።

ሙያውን የተማርኩት አገር ቤት፣ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። አለቃችን የነበሩት ሻምበል ጠብመንጃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ አፈሙዙን ያሸቱ ነበር። ወታደሩ መሣሪያውን መቼ እንዳጸዳ ከሽታው ብቻ ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። ወደ ቶሮንቶ ስመጣ ያ ሁሉ ትምህርት «የካናዳ የሥራ ልምድ የለውም» በሚል አንድ መስመር ተጠቃለለ። ሦስት ዓመት ከስካርቦሮ እስከ ኢቶቢኮ አውቶቡስና ባቡር እየቀያየርኩ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ኖርኩ። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው የወገቤን ሕመም ብቻ ነው።

የምወርድበት ማቆሚያ ጀርባ አንድ የአደን ዕቃ መሸጫ ነበር። አንድ ቀን ብርዱ ገፍቶ አስገባኝ። አንድ ረጅም ሽማግሌ አሮጌ ጠብመንጃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መቀርቀሪያው አልመለስ ብሎት ይታገላል። ዝም ብዬ ለማየት ሞከርኩ፤ እጄ ግን አላስቻለኝም። «ልሞክር?» አልኩት። ወደ እኔ ገፋው። ፈታታሁትና የተጣመመችውን ሞላ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ፊቴን አላየም፤ ያየው እጄን ነው። «ሰኞ ጠዋት ና» አለኝ። ደመወዙ ከዌርሃውሱ ያንስ ስለነበር ዘሀራ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ሽማግሌው ኤርኪ ይባላል፤ ትውልዱ ፊንላንድ ነው። ንግግር አይወድም። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ ያያል፣ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ያ ሰላምታው ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ በሚስማር ላይ አንድ ወፍራም፣ ብርቱካናማ የአደን ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። ጠብመንጃ ልግዛ ያለ ሰው ሁሉ፣ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን፣ መጀመሪያ ያን ካፖርት መልበስ አለበት። ያላበው፣ የሳቀው፣ የተቆጣው ብዙ ነው። ኤርኪ ግን ካፖርቱን ሳያስለብስ አንድም ጠብመንጃ አያወርድም። «ጫካ ውስጥ በሸሚዝ አትቆምም» ይላል። በሸሚዝ ልክ የሆነ ሰደፍ በካፖርት ላይ ይረዝማል፤ ሰደፉ የረዘመበት ሰው ደግሞ አንገቱን እየሰገገ ያነጣጥራል።

ካፖርቱን ከለበሱ በኋላ «ዓይንህን ጨፍን» ይላቸዋል። ጨፍነው ጠብመንጃውን ትከሻቸው ላይ ያሳርፋሉ። «አሁን ክፈት።» ዓይናቸው ሲከፈት፣ አንገታቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ጠብመንጃው ላይ በተገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ ሙሉ ክብ ብርሃን ካዩ ጠብመንጃው የእነሱ ነው። በዳር በኩል ጥቁር ጥላ ካዩ ይመልሰዋል። ቀጥሎ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ያጎርስና አፈሙዙ ላይ አንድ ሳንቲም ያስቀምጣል። ሰውየው ሳንቲሙን ሳይጥል ቃታውን መሳብ አለበት። ሁላችንም ሳንቲሙን ስናይ ኤርኪ የሚያየው የሰውየውን ሽፋሽፍት ነበር። ጠብመንጃ የሚፈራ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነ ደግሞ ጥይቱ የት እንደሄደ አያውቅም።

ለጀማሪ ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፦ ጠብመንጃው ርካሽ ይሁን፣ መነጽሩ አይሁን፣ የተረፈህን ጥይት ገዝተህ ተለማመድበት። ስለ ትልልቅ እንስሳት ሲጠይቁት ደግሞ «እንስሳ የሚወድቀው ጥይቱ በገባበት ቦታ ምክንያት ነው፤ በጥይቱ ውፍረት አይደለም» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ይህን ሁሉ አውቄ ነው ሰይድን የበደልኩት።

ሰይድ የሐረር ሰው ነው። ያኔ ሪጀንት ፓርክ ይኖር ነበር፤ ከባድ መኪና ይነዳል። አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ ሱቁ መጣ። የኤልክ ዕጣ ደርሶት ነበር። ኤልክ በሬ የሚያህል ቀንዳም አጋዘን ነው፤ በኦንታሪዮ ለማደን ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ስለሆነ ዓመት ከዓመት ሞክሮ የማይደርሰው ብዙ ነው። ሰይድ ቢስሚላህ ብሎ በእጁ የገደለውን ሥጋ ለልጆቹ ሊያበላ፣ ለጎረቤትም ሊያካፍል ቋምጧል። ኤርኪ ያን ሰሞን ለሕክምና ቀርቶ ነበር፤ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ለኤልክ ነው፤ ትልቁን አውርድልኝ» አለኝ።

ትልቁ ማግነም የሚሉት ነው። ሲተኩስ ትከሻን ክፉኛ ይመታል። ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ ዋጋውም ቢሆን ለሾፌር ኪስ አልነበረም። ከአጠገቡ ሦስት ዜሮ ስምንት የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ ጠብመንጃ ተቀምጧል፤ ለኤልክ በቂ ነው። እኔ ግን ትልቁን አወረድኩለት። ያገሬ ሰዎች ከበውን ቆመው «ሸሚዝህን በካፖርት ሸፍን» ማለት አፈርኩና ካፖርቱንም አላስለበስኩትም። ሳንቲሙን አስቀመጥኩ። ሰይድ ቃታውን ሲስብ ሁለቱም ዓይኖቹ ግጥም ብለው ተጨፈኑ፤ ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱ «ለወንድ የተሠራ ነው፣ ውሰደው!» አለ።

እዚያች ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። «ሰይድ፣ ይህ ይከብድሃል» ማለት ብቻ። ግን እንዴት ተደርጎ? በእኛ ዘንድ ለአንድ ጎልማሳ በጓደኞቹ ፊት ጠብመንጃ ይከብድሃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አገሬው ያውቃል። ይሉኝታ ያዘኝ። ሳንቲሙን ከወለል አነሳሁና ደረሰኝ ጻፍኩ።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። መነጽሩን ለማስተካከል ወደ ተኩስ ሜዳ ስንሄድ ሰይድ ሦስት ጥይት ተኩሶ ትከሻውን ያዘ። «የቀረውን አንተ ጨርስልኝ፤ እጅህ ይሻላል» አለኝ። ጨረስኩለት። ጠብመንጃው በእኔ እጅ ልክ ሆነ፤ አደን የሚሄደው ግን እሱ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የችኮላው መጨረሻ ሩቅ አልነበረም።

በመስከረም ወደ ባንክሮፍት ጫካ ሄደ። ኤልኩን አገኘው፤ ቢስሚላህ ብሎ ተኮሰ፤ ጥይቱ ከሳንባው ኋላ፣ ሆድ ዕቃው ላይ አረፈ። እንስሳው ደም እያንጠባጠበ ጫካ ገባ። ሰይድ ሁለት ቀን ተከተለው። በሦስተኛው ቀን ያገኘው በቁራዎች ጩኸት ነው፤ ሥጋው በክት ሆኖ፣ ሸትቶ። ነፍስ አጥፍቶ ማንም ሳይበላው ቀረ። ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት የነበረችው ልጁ ነጃት በር ላይ ቆማ ትጠብቀው እንደነበር ኋላ ነው የነገረኝ።

ሱቅ መጥቶ «ኑሩ፣ የት ነው ያጠፋሁት?» ሲለኝ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

«ዕድል ነው፤ የትም አላጠፋህም» አልኩት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ግን ያን ቀን መንቀዝ ጀመረ።

ኤርኪ ከሕክምና ሲመለስ የሽያጭ መዝገቡን አገላብጦ የሰይድ ስም ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ካፖርቱን ለብሶ ነበር?» አለኝ። ዓይኔን ወደ ሚስማሩ አዞርኩ። አልተቆጣም። ሲቆጣ ባየው ይቀለኝ ነበር። «የጠብመንጃ ሻጭ ሥራው እምቢ ማለት ነው» አለ። «መሸጥማ ማሽንም ይሸጣል።» ከዚያ ቀን በኋላ ካፖርቱን ያላስለበስኩት ሰው የለም፤ ሚኒስትርም ቢመጣ አስለብሰው ነበር። ኤርኪ ሲያርፍም ልጁ ሱቁን ያዘ፣ ካፖርቱም ሚስማሩ ላይ ቀረ። ሰይድ ግን ሁለተኛ አደን አልወጣም። ጠብመንጃው ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ከረመ፤ እኔና እሱም በዒድ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር አውርተን ያን ብቻ እንዘለው ነበር።

ባለፈው ዓመት የኤርኪ ልጅ ሱቁን ሊሸጥ ወሰነ። ሰው ዋጋውን በስልኩ አይቶ፣ ምርጫውን በስልኩ ጨርሶ ይመጣል፤ ካፖርት ልበስ ስትለው እንደ እብድ ያይሃል። እኔም ከሱቁ ጋር አብሬ ልወጣ ወሰንኩ። ሥራ ልለቅ ሁለት ወር ሲቀረኝ ሰይድና ነጃት የተቆለፈ የጠብመንጃ ሳጥን ይዘው ገቡ። ነጃት አሁን ሆስፒታል ውስጥ የኤክስሬይ ባለሙያ ናት።

«ጋሽ ኑሩ!» አለች ገና ከበሩ። «ታግ ደረሰኝ! የኤልክ ዕጣው! ኮርሱንም ፓስ አድርጌያለሁ፣ ላይሰንሱም መጥቷል። አፎርደብል የሆነ ፈርስት ራይፍል ነው የምፈልገው።»

«ምን ግዢ ያስፈልጋል እላታለሁ፣ አትሰማም» አለ ሰይድ ሳጥኑን እየከፈተ። ማግነሙ ነበር። «ይኸው ያለ ነገር። ሰደፉን ትንሽ ቁረጥላትና ትሂድበት። እኔ እንደሆን አልሄድም፤ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ነው።»

«አባ፣ ናልኝ አልኩህ እኮ።»

«አልሄድም አልኩሽ።»

ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረድኩና ለነጃት ሰጠኋት። እጅጌው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወረደ፤ ሳቀች። ጠብመንጃውን ከፍቼ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ የመለማመጃውን ጥይት አጎረስኩ፤ ሳንቲሙን አስቀመጥኩ። ቃታውን ስትስብ ሁለቱም ዓይኖቿ ግጥም ብለው ተጨፈኑ። የአባቷ ዓይኖች፣ በዚያው ጠብመንጃ ላይ። ሳንቲሙም እንደዚያን ዕለት ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ተኩሰሽበታል?» አልኳት።

«ላስት ሳተርዴይ ከአባ ጋር። ቱ ሾትስ። ትከሻዬ ብሉ ሆነ።» አባቷን በጎን አየችው። «ኢትስ ፋይን ግን። እለምደዋለሁ።»

ሳንቲሙን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ደግሜ ዝም ብል ይህች ልጅም በሦስተኛው ቀን ቁራ ትከተላለች። ሳንቲሙን ይዤ ቆምኩ።

«ሰይድ፣ ያን ጊዜ የት አጠፋሁ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አንተ አይደለህም ያጠፋኸው። ዓይንህ ሲጨፈን አይቻለሁ። እንደሚከብድህ አውቄያለሁ። ጓደኞችህ ፊት መናገር አፍሬ ሸጥኩልህ፤ ኋላም ዕድል ነው ብዬ ዋሸሁህ። አውፍ በለኝ።»

ሰይድ አላየኝም። የማግነሙን ሰደፍ በመዳፉ ሲያሻሽ ቆየ። እግሩ ወደ በሩ የሚወስደው መሰለኝ፤ ሳጥኑን ዘግቶ ከሱቁም ከወዳጅነታችንም የሚወጣ መሰለኝ።

«እኔስ?» አለ በመጨረሻ። «ገና ስትሰጠኝ ፈርቼው ነበር። ያቺን ትንሿን አሳየኝ ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ እንዴት ብዬ? ሜዳ ላይ ጨርስልኝ ያልኩህም ለዚሁ ነው። አንተን እንዳላስቀይም፣ እነሱን እንዳላስቅ ብዬ…»

ነጃት አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቷን አየች።

«ዌይት። ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?»

ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

«ኤንድ ኖባዲ ሴድ ኤኒቲንግ? ሶ ያ እንስሳ የሞተው እናንተ ፖላይት፣ ይሉኝተኛ ስለሆናችሁ ነው?»

አርባ ዓመት በሙያው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ አጥርቶ የነገረኝ የለም። ሰይድ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር። እያለቀሰም ነበር፤ ሁለቱንም። እኔም ያው ሆንኩ። ነጃት በዚያ ትልቅ ካፖርት ውስጥ ሆና «ዩ ጋይስ አር ሶ ዊርድ» አለችን።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ያገለገለ ሦስት ዜሮ ስምንት አወረድኩ። ሰደፉ ተፋፍቆ፣ ቀለሙ ለቅቆ ስለነበር ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። መቀርቀሪያውን አውጥቼ አፈሙዙን በብርሃን አየሁ፤ ውስጡ ንጹሕ፣ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጥርቡ ስለታም ነው። የጆሮ ጥጥ ወስጄ የአፈሙዙን ጫፍ ዙሪያውን ጠረግሁ። የተጎዳ ቦታ ካለ ጥጡ ይያዝበታል፤ አልተያዘም። እንደ ሻምበልም አሸተትኩት። የቀድሞው ባለቤት ጠንቃቃ ሰው እንደነበር ያስታውቃል።

ነጃት ዓይኗን ጨፍና ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። ከፈተች። «ፉል ሰርክል» አለች። ሳንቲሙ መጀመሪያ ወደቀ፣ ሁለተኛም ወደቀ፤ ማግነሙ ያስለመዳት ፍርሃት በአንድ ጊዜ አይለቅም። በአራተኛው ሳንቲሙ አልተነቃነቀም፤ ዓይኖቿም ክፍት ነበሩ። ከጠብመንጃው ዋጋ በተረፈው ደህና መነጽርና የልምምድ ጥይት ገዛች።

ሦስት ቅዳሜ ሜዳ ወጣን። እኔ ጥይቱን ሳጎርስ አንዳንዴ እውነተኛውን፣ አንዳንዴ የመለማመጃውን ሳታይ እቀላቅልባት ነበር። ባሩድ የሌለው ሲደርሳት አፈሙዙ ወደ ታች ከጠለቀ ፍርሃቱ አለ ማለት ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ መጥለቁን ተወ። ከዚያ የወረቀት ሳህን እያራቅሁ ሰቀልኩላት፤ አምስት ጥይት አምስቱም ሳህኑ ውስጥ እስከገባ ድረስ ርቀቱ የእሷ ነው። መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ አምስቱም ገቡ። ሁለት መቶ ላይ ሁለቱ ወጡ። «መቶ ሃምሳ ነሽ» አልኳት። «ኤልኩ ፈረስ ቢያህል፣ ቀንዱ ዛፍ ቢያህል መቶ ሃምሳ ነሽ።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ሰይድ ከኋላችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና «እስቲ አንዴ ልያዛት» አለ። ከሱቁ ይዤው የመጣሁትን ካፖርት ሳልነግረው ራሱ ለበሰ። ተኮሰ። እኔ ሳህኑን አላየሁም፤ ያየሁት ሽፋሽፍቱን ነው፤ አልተጨፈነም። ወደ መኪናው ስንሄድ ነጃትን «ድንኳኑ ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ድረስ አድርሼ ነበር ስልኬ የጮኸው። ሰይድ ነው፤ ከጫካው ወጥተው ሲግናል ያገኙበት መንገድ ዳር ቆሞ። 

«እህ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ኑሩ፣ የደወልኩልህ ስለ ተኮሰችው አይደለም» አለኝ። «ትናንት ስላልተኮሰችው ነው።»

ትናንት ፀሐይ ከመግባቷ በፊት፣ ከሜዳው ባሻገር አንድ ግዙፍ ወንድ ኤልክ ወጥቶላቸው ነበር። ሁለቱ የሥራ ጓደኞቿ በዓመታት ልምዳቸው እንደዚያ ያለ አላዩም። «ተኩሺ፣ ተኩሺ!» አሏት። ሰይድ ራሱ ልቡ ዘሎ አፉን ከፍቶ ነበር። ነጃት አነጣጥራ አየችው። ከዚያ ጣቷን ከቃታው አንስታ ጠብመንጃውን ዝቅ አደረገችው።

«‹ይርቀኛል› አለች» አለኝ ሰይድ። «ሦስት ወንድ ቆመን እያየናት። በእንግሊዝኛም ነገረቻቸው፣ ለእኔም በአማርኛ ደገመችልኝ። ይርቀኛል አባ። ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም።»

  ከኋላው የነጃት ሳቅ ይሰማኛል።

«ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ኤልክ ሰማንያ ሜትር ላይ መጣችላት። ቢስሚላህ ስትል ሰምቻታለሁ። አንድ ጥይት፤ ሠላሳ እርምጃ እንኳ አልሄደችም። አርጄያት ነው የመጣሁት። ሥጋ ይዘንልህ እየመጣን ነውና ለዘሀራ ፍሪጁን አስለቅቂ በላት።»

ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበርና ዘሀራ ከማዕድ ቤት ሰምታዋለች። በሩ ላይ ብቅ አለችና «በል አሁን ቁልፍ ፈልግ» አለችኝ።